የተነፈገው መቀመጫ፤ የኒው ኦርሊንስ ከተማ ስመ ጥር ሰዎች



ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ወደ አንድ ጉባኤ የገቡ ሁለት ሰዎችን ያሳየናል። አንዱ የወርቅ ቀለበት ያጠለቀ ባለጠጋ ነው፤ ሌላው ያደፈ ልብስ የለበሰ ድኻ ነው። ባለጠጋው ወደ መልካም ስፍራ ሲጋበዝ ድኻው ግን ከዳር እንዲቆም ወይም ከሰው እግር ሥር እንዲቀመጥ ይታዘዛል። ሐዋርያው ይህን እንደ ትንሽ የሥነ ሥርዓት ጉድለት አይመለከተውም፤ የእምነት ጉድለት መሆኑን በግልጽ ይነግረናል። ሰውን የት እንዳስቀመጥነው ስለ ሰው የምናምነውን ይገልጣልና።

በዚህ እትም ጥናታችን ይህን የመቀመጫ ጉዳይ በአንዲት ከተማ ታሪክ ውስጥ ልንከታተለው ወደድን። ከተማይቱ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል፣ በሉዊዚያና ግዛት የምትገኘው ኒው ኦርሊንስ ናት። በእርስዋ ከተወለዱትና ከኖሩት ስመ ጥር ሰዎች መካከል አምስቱን መርጠናል። ከእነርሱም አንዲቱ የደናግል ማኅበር መሥራች፣ አንዲቱ ዳቦ ጋጋሪ፣ አንዱ ጫማ ሠሪ፣ አንዱ ሙዚቀኛ፣ አንዲቱም የስድስት ዓመት ሕፃን ናቸው። ዘመናቸውም ሥራቸውም የተለያየ ቢሆንም «ማን ከማን ጋር ይቀመጥ?» የሚለው ጥያቄ ሁሉንም አግኝቶአቸዋል። እያንዳንዳቸው የሰጡትን መልስ በቅደም ተከተል እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከተማይቱና ሕዝብዋ

ኒው ኦርሊንስን በ1718 በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የቈረቈሩአት ፈረንሳውያን ናቸው። ከዚያም ወደ እስጳንያ ተላልፋ፣ እንደገና ወደ ፈረንሳይ ተመልሳ፣ በመጨረሻ በ1803 ከሰፊው የሉዊዚያና ምድር ጋር ለአሜሪካ መንግሥት ተሸጠች። ከፈረንሳይና ከእስጳንያ የወረሰችው የካቶሊክ እምነት ፕሮቴስታንቶች ከሚበዙባቸው ከሌሎቹ የደቡብ ከተሞች ለይቶአታል። የኡርሱላውያን ደናግል በ1727 ከፈረንሳይ መጥተው ልጃገረዶችን ማስተማር ጀመሩ፤ በከተማይቱም መካከል የቅዱስ ሉዊስ ካቴድራል ቆመ።

ነገር ግን ከተማይቱ የተገነባችው በባሮች ጉልበት ነበር። በ1724 በሉዊዚያና የታወጀው የፈረንሳውያን የባርነት ሕግ ባሮች ሁሉ እንዲጠመቁና የእምነት ትምህርት እንዲሰጣቸው ያዝዝ ነበር፤ ያው ሕግ ደግሞ ባርነታቸውን ያጸናባቸው ነበር። በመሆኑም አንድ ሰው በጥምቀት የእግዚአብሔር ልጅ ከተባለ በኋላ በገበያ እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ይህን የሚያደርጉትም ምእመናን ብቻ አልነበሩም፤ ካህናትና የደናግል ማኅበራትም ባሮች ነበሩአቸው። ይህን ሳንደብቅ መናገር ይገባናል፤ ያልተነገረ ኃጢአት ንስሓ አይገባበትምና።

በነጮችና በባሮች መካከል ሦስተኛ ወገንም ነበረ። እነዚህ ራሳቸው ወይም ወላጆቻቸው ከባርነት የወጡ፣ ነጻ የሆኑ ጥቁሮችና ክልሶች ሲሆኑ፣ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ፣ ብዙዎቹም የእጅ ባለ ሙያዎችና ባለ ንብረቶች ነበሩ። ከነጮች ጋር እኩል አይቈጠሩም፤ ከባሮችም ጋር እንዳይደባለቁ ይጠበቅባቸው ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት የተወለደችው ከእነዚህ መካከል ነው።

2. ሄንሪየት ደሊል

ሄንሪየት ደሊል በኒው ኦርሊንስ የተወለደችው በ1812 ገደማ ነው። በእናትዋ ወገን የዘር ሐረግዋ ከአፍሪካ በባርነት ከመጣች አንዲት ሴት ይደርሳል። በዚያ ዘመን እንደ እርስዋ ያሉ ነጻ የክልስ ልጃገረዶች የሚጠብቃቸው ዕድል የታወቀ ነበር። ሕጉ ከነጭ ወንድ ጋር ጋብቻን ስለሚከለክል አንድ ባለጠጋ ነጭ ያለ ጋብቻ ያስቀምጣቸዋል፤ ቤትና ቀለብም ይሰጣቸዋል። የሄንሪየት እናትና አያት የኖሩት እንዲህ ነበር። እርስዋ ግን በወጣትነትዋ ይህን መንገድ ተወች። በ1836 በጸሎት መጽሐፍዋ ላይ በእግዚአብሔር እንደምታምን፣ እርሱን ተስፋ እንደምታደርግና እንደምትወድ፣ ለእርሱም ልትኖርና ልትሞት እንደምትፈልግ በፈረንሳይኛ በአጭር ቃል ጻፈች።

ከዚያ በኋላ የምናገኛት በቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ውስጥ ነው። በጥምቀት መዝገቦች ላይ ለብዙ ባሮችና ነጻ ጥቁሮች የክርስትና እናት ሆና ስምዋ ተጽፎአል፤ በጋብቻ መዝገቦችም ላይ ምስክር ሆና ትገኛለች። በ1830 የወጣው የሉዊዚያና ሕግ ባሮችን ማንበብ ማስተማርን በእስራት ይቀጣ ስለ ነበር፣ ሄንሪየትና ባልንጀሮችዋ ጸሎትንና የእምነትን ትምህርት በቃል ያስተምሩ ነበር። በ1842 ከጁልየት ጎደን ጋር ሆና፣ በአባ ኤትየን ሩስሎን አባታዊ መሪነት፣ በኋላ የቅድስት ቤተሰብ ደናግል ማኅበር የተባለውን ማኅበር መሠረተች። ጆሰፊን ቻርልስም ብዙ ሳትቈይ ተቀላቀለቻቸው። ድኾችን ይጐበኙ፣ ሕመምተኞችን ያስታምሙ፣ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን በቤታቸው ያስጠጉ ነበር። ይሁን እንጂ ጥቁሮች በመሆናቸው የደናግልን ልብስ ለብሰው በአደባባይ ለመታየት አልተፈቀደላቸውም፤ ይህን ፈቃድ ማኅበሩ ያገኘው መሥራችዋ ካረፈች ከዓመታት በኋላ ነው።

በዚያው በ1842 በትሬሜ ሰፈር የቅዱስ አውጉስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን ተመርቆ ተከፈተ። በዘመኑ ልማድ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚቀመጥበትን አግዳሚ ወንበር በገንዘብ ይከራይ ነበርና፣ ነጻ ጥቁሮችና ነጮች ወንበሮቹን ለመያዝ ተሽቀዳደሙ። ጥቁሮቹ የበለጠውን ያዙ። ከዚህም ጋር በሁለቱ ጐኖች የሚገኙትን አግዳሚዎች በገንዘባቸው ተከራይተው ለባሮች ሰጡአቸው። ቅዱስ ያዕቆብ ከእግር ሥር ተቀመጥ ሲባል ያየው ድኻ በዚያች ቤተ ክርስቲያን የራሱ ወንበር አገኘ።

እናት ሄንሪየት በኅዳር 1862 አረፈች። የሕይወትዋ ታሪክ ግን ያለ ጥላ አይደለም። አንዲት በባርነት የተያዘች ሴት በእርስዋ ስም ተመዝግባ እንደ ነበር ሰነዶች ያሳያሉ። ያደገችበት ዓለም ክፋት በእርስዋም ቤት ገብቶ ነበር ማለት ነው። ቅድስና ከምንም እንከን መወለድ ሳይሆን በጸጋ እየታገዙ ወደ ብርሃን መጓዝ መሆኑን ከዚህ እንማራለን። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ በመጋቢት 2010 ክርስቲያናዊ ምግባርዋ በጀግንነት የተፈጸመ መሆኑን አጽድቀው ክብርት እንድትባል ፈቅደዋል።

3. ማርጋሬት ሃውሪ

ሁለተኛዋ ሴት የመጣችው ከሩቅ ነው። ማርጋሬት በ1813 በአየርላንድ ተወልዳ በአምስት ዓመትዋ ከወላጆችዋ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረች፤ ጥቂት ቈይቶም ወላጆችዋን በሞት አጣች። ካደገች በኋላ አግብታ በ1835 ወደ ኒው ኦርሊንስ መጣች። ከዚያ በኋላም ባልዋና አንዲት ሕፃን ልጅዋ ሞቱባት። ማንበብም መጻፍም የማትችል፣ ዘመድ የሌላት መበለት ሆና ቀረች።

ኑሮዋን የጀመረችው ልብስ በማጠብ ነበር። ከዚያም የሙት ልጆችን በሚያሳድጉ ደናግል ዘንድ ማገልገል ጀመረች። ልጆቹ ወተት እንዲያገኙ ብላ ሁለት ላሞች ገዛች፤ የተረፈውን ወተት በጋሪ እየዞረች ሸጠች። ላሞቹ እየበዙ ሄዱ። በኋላም አንድ ዳቦ ቤት በዕዳ ምክንያት በእጅዋ ገባና በእንፋሎት ኃይል የሚሠራ ትልቅ መጋገሪያ አደረገችው። ባለጠጋ ሆና ሳለች ተራ ቀሚስ መልበስዋን አልተወችም፤ ገንዘብዋም የሙት ልጆች ቤቶችን ያሠራ፣ ቢጫ ወባ በከተማይቱ ላይ በወረደ ጊዜ ሕመምተኞችን የረዳ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱም ዘመን ረኀብተኞችን ያበላ ነበር። በ1853 ብቻ ያ በሽታ ከተማይቱን ስምንት ሺህ ያህል ሰው አሳጥቶአት እንደ ነበር ስናስብ፣ የሙት ልጆቹ ብዛት ምን ያህል እንደ ነበር መገመት እንችላለን።

ማርጋሬት በየካቲት 1882 ባረፈች ጊዜ ንብረትዋን ለሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ተናዝዛ ተገኘች። በኑዛዜዋ የካቶሊኮች ብቻ ሳይሆኑ የፕሮቴስታንቶችና የአይሁድ ማሳደጊያዎችም ድርሻ አግኝተዋል። በኑዛዜው ግርጌ በፊርማዋ ቦታ የመስቀል ምልክት አድርጋለች፤ ስምዋን መጻፍ አትችልም ነበርና። በ1884 የከተማይቱ ሕዝብ የእብነ በረድ ሐውልት አቆመላት። ሐውልቱ በወንበር ተቀምጣ አንድ ሕፃን ወደ ጐንዋ አስጠግታ የምታቅፍ ሴት ያሳያል፤ የተጻፈበትም ስም «ማርጋሬት» የሚል ብቻ ነው። ማርጋሬት የከተማይቱን ሕግ አልለወጠችም፤ የማንም ልጅ ያልሆነውን ልጅ ግን ከገበታ አስቀመጠችው።

4. ሆመር ፕለሲ

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 አበቃ፤ ባርነትም በሕግ ተሻረ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት በኒው ኦርሊንስ የተስፋ ጮራ ታየ። በ1867 በከተማይቱ የፈረስ ባቡሮች ጥቁሮችና ነጮች አብረው መሳፈር ጀመሩ፤ በ1870ዎቹም አንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁለቱን ወገኖች በአንድነት አስተማሩ። በ1877 የፌዴራል መንግሥት ወታደሮቹን ከደቡብ ባስወጣ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ተነጠቀ። በ1890 ሉዊዚያና በባቡር ጥቁሮችና ነጮች በተለያየ ፉርጎ እንዲሳፈሩ የሚያዝዝ ሕግ አወጣች።

በዚህ ጊዜ ከተማይቱ ውስጥ የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ካቶሊኮች የሆኑ ክልሶችና ጥቁሮች በ1891 የዜጎች ኮሚቴ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ከመሪዎቹ መካከል ጠበቃና ጋዜጠኛ የነበረው ሉዊ ማርቲኔና ጸሐፊው ሮዶልፍ ደዱን ይገኙባቸዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ከሕዝቡ ጥቂት በጥቂት ገንዘብ አሰባስበው ሕጉን በፍርድ ቤት ለመፈተን ወሰኑ። ለዚህም ፈቃደኛ ሆኖ የተገኘው በሠላሳ ዓመት ገደማ የሚገኝ ጫማ ሠሪ፣ የቅዱስ አውጉስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን ምእመን የሆነው ሆመር ፕለሲ ነበር። ከስምንቱ ቅድመ አያቶቹ ሰባቱ ነጮች በመሆናቸው በመልኩ ከነጭ አይለይም ነበር።

ሰኔ 7 ቀን 1892 ፕለሲ የአንደኛ ማዕረግ ትኬት ገዝቶ ለነጮች በተከለለው ፉርጎ ውስጥ ተቀመጠ። ሲጠየቅም ጥቁር መሆኑን አልካደም፤ ተነሥ ሲባልም አልነሣም አለ። በዚያው ተያዘ። ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት እያለፈ በ1896 ከአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም ሰባት ለአንድ በሆነ ድምፅ፣ አገልግሎቱ እኩል እስከ ሆነ ድረስ ሰዎችን በዘር መለየት ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ። ጆን ማርሻል ሃርላን የተባለው ዳኛ ብቻ ተቃወመ። ፕለሲ ሃያ አምስት ዶላር ተቀጥቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በ1925 ሲሞትም ያ ፍርድ እንደ ጸና ነበር። የፈረሰው ከአምሳ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቶች ዘርን መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ በወሰነ ጊዜ ነው። በ2022 መጀመሪያ የሉዊዚያና አገረ ገዥ ለፕለሲ ይቅርታ አወጁለት። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2009 ከፕለሲ ቤተሰብና በመጀመሪያ ከፈረደበት ከዳኛ ፈርጉሰን ቤተሰብ የተወለዱ ሁለት ሰዎች በአንድነት አንድ የበጎ አድራጎት ተቋም መሥርተዋል።

በዚሁ ዘመን አንድ አሳዛኝ ነገር በቤተ ክርስቲያንም ተፈጸመ። በ1895 በከተማይቱ ለጥቁር ካቶሊኮች ብቻ የተለየ ቁምስና ተከፈተ። ሊቀ ጳጳሳት ፍራንሲስ ያንሰንስ ጥቁሮቹ በገዛ ቤታቸው ሳይናቁ እንዲጸልዩ ይጠቅማል ብለው አስበው ነበር። የዜጎች ኮሚቴ አባሎች ግን ተቃወሙ፤ በባቡር የተነፈገን መቀመጫ በእግዚአብሔርም ቤት ሊነፈገን ነውን የሚል ነበርና ፍርሃታቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው ፍርሃታቸው ከንቱ እንዳልነበረ አሳየ፤ በሚቀጥሉት ዓመታት በአብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ጥቁሩ ከኋላ የሚቀመጥና ከነጮች በኋላ የሚቈርብ ሆነ።

5. ሉዊ አርምስትሮንግ

ፕለሲ ገና በሕይወት ሳለ፣ በከተማይቱ እጅግ ድኻ ከሆኑት ሰፈሮች በአንዱ አንድ ሕፃን ተወለደ። ሉዊ አርምስትሮንግ ዕድሜውን ሙሉ ልደቱ ሐምሌ 4 ቀን 1900 እንደ ሆነ ሲናገር ኖረ። እርሱ በ1971 ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን የኢየሱስ ቅዱስ ልብ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ተገልጦ ሲታይ፣ የተወለደው ነሐሴ 4 ቀን 1901 መሆኑና በዚያው ወር መጠመቁ ተጽፎ ተገኘ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ሰው ትክክለኛ ልደት ያስታወሰው አንድ ካህን በሥነ ሥርዓት የሞላው አንድ መስመር ነበር። የቁምስና መዝገብ የያዛችሁ ሁሉ ይህን ልብ በሉት! ዛሬ ስሙን የምትጽፉት የድኻ ልጅ ነገ ማን እንደሚሆን አታውቁምና።

የሉዊ አባት ገና በሕፃንነቱ ቤቱን ጥሎ ሄደ፤ እናቱም በድኽነት አሳደገችው። ካርኖፍስኪ የሚባሉ ከሊትዌንያ የመጡ አይሁዳውያን ቤተሰብ ሥራ ሰጡት፤ በገበታቸው አስቀምጠው አበሉት፤ የመጀመሪያውን የትንፋሽ መሣሪያ ለመግዛትም ረዱት። በ1912 መጨረሻ በአዲስ ዓመት ዋዜማ በጐዳና ላይ ሽጉጥ ተኩሶ ተያዘና ጥፋተኛ ሕፃናት ወደሚታረሙበት ቤት ተላከ። በዚያም ፒተር ዴቪስ የተባለ መምህር ኮርኔት የሚባለውን ጥሩምባ አስተማረው። በ1922 ወደ ቺካጎ ሄደ፤ ከዚያም የጃዝን ሙዚቃ ለዓለም ያሰማ ታላቅ ሰው ሆነ። ሲያድግ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተወስኖ አልኖረም፤ በአንገቱም የዳዊትን ኮከብ ያስር ነበር።

ሉዊዚያና በ1956 ነጮችና ጥቁሮች በአንድ መድረክ አብረው እንዳይጫወቱ የሚከለክል ሕግ ስታወጣ፣ በአርምስትሮንግ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ነበሩ። እርሱም ከባልንጀሮቹ ጋር በአንድነት ካልተቀመጠ በተወለደባት ከተማ አልጫወትም አለ። የተመለሰው በ1965፣ መለያየትን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ በ1964 ከወጣ በኋላ ነው። ሁልጊዜ ፈገግ ስለሚል ለወገኑ መብት አይናገርም ብለው የሚነቅፉት ነበሩ፤ እርሱ ግን የትውልድ ከተማውን ያህል ነገር ለባልንጀሮቹ ሲል ለዓመታት ተወ።

6. ሩቢ ብሪጅስና የትምህርት ቤቱ ወንበር

አምስተኛዋ ሰው በ1954 በሚሲሲፒ ግዛት ተወልዳ በአራት ዓመትዋ ከወላጆችዋ ጋር ወደ ኒው ኦርሊንስ የመጣች ናት። ቀደም ሲል የኒው ኦርሊንሱ ተወላጅ ካቶሊካዊው ጠበቃ አሌክሳንደር ቱሮ በ1952 በከተማይቱ ትምህርት ቤቶች ላይ ክስ መሥርቶ ለዓመታት ተሟግቶ ነበር። ከዚያም የተነሣ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶቹ እንዲከፈቱ አዘዘ። ኅዳር 14 ቀን 1960 የስድስት ዓመትዋ ሩቢ በፌዴራል መንግሥት የጸጥታ ሹማምንት ታጅባ፣ ከእናትዋ ጋር፣ ዊልያም ፍራንዝ ወደሚባለው የነጮች ትምህርት ቤት ገባች። በዚያው ቀን ሌሎች ሦስት ሕፃናት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ገቡ።

በበሩ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ይጮኽና ይሳደብ ነበር። ነጭ ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ። ከቦስተን የመጣችው ባርባራ ሄንሪ የተባለች መምህርት ዓመቱን ሙሉ በባዶ ወንበሮች መካከል አንዲት ልጅ ብቻዋን አስተማረች። አንዲት ሴት በመርዝ እንደምትገድላት ስለ ዛተች ሩቢ ከቤትዋ ያመጣችውን ብቻ ትበላ ነበር። አባትዋ ከሥራው ተባረረ፤ በሚሲሲፒ የሚኖሩ አያቶችዋም የሰው መሬት ከሚያርሱበት ተፈናቀሉ። አንድ ቀን መምህርትዋ ሩቢ በሕዝቡ ፊት ቆማ ከንፈሮችዋ ሲንቀሳቀሱ አየች። ከጐበኛት ሐኪም ከሮበርት ኮልስ ጋር ስትነጋገርም፣ ሕፃንዋ ለሚሰድቡአት ሰዎች ትጸልይ እንደ ነበር ታወቀ። እናትዋ እንዲህ አስተምራት ነበርና። የተወደዳችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ከዚህ የሚበልጥ የትምህርታችሁ ፍሬ ከየት ይገኛል?

እዚህ ላይ ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በ1960 ሲከፈቱ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ምን ላይ ነበሩ? የከተማይቱ ሊቀ ጳጳሳት ብፁዕ ዮሴፍ ፍራንሲስ ራመል በ1953 በአብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በመቀመጫና በቅዱስ ቁርባን አቀራረብ ጥቁሩን ከነጩ መለየት እንዲቀር በመልእክታቸው አዘው ነበር። በ1955 የአንዲት ጸሎት ቤት ምእመናን ጥቁር ካህን ቅዳሴ እንዳያሳርግ በከለከሉ ጊዜ ጸሎት ቤቱ እንዲዘጋ አደረጉ። በ1956ም ዘርን ለይቶ ማግለል ኃጢአት መሆኑን በሐዋርያዊ መልእክታቸው አስተማሩ። ይሁን እንጂ ተቃውሞው ስለ በረታ ትምህርት ቤቶቹን ለመክፈት ስድስት ዓመት ዘገዩ። በመጨረሻ በመጋቢት 1962፣ በሰማንያ ስድስተኛ ዓመት ዕድሜያቸው፣ ዓይናቸው ፈዝዞ ሳለ፣ ሁሉም የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ለጥቁር ልጆች እንዲከፈቱ አዘዙ። ትእዛዙን በአደባባይ የተቃወሙ ሦስት ሰዎችን በሚያዝያ አወገዙ፤ በመስከረምም ልጆቹ በአንድነት ገቡ። ሊቀ ጳጳሳቱ በ1964 አረፉ። የእረኛውን ድፍረት እናመሰግናለን። ነገር ግን ትምህርቱ ከተሰጠ በኋላ ተግባሩ ስድስት ዓመት መዘግየቱን፣ አንዲት የስድስት ዓመት ሕፃንም እንደ ቀደመችን አንረሳም።

7. ከዚህ የምናገኘው ትምህርት

ከነዚህ ሰዎች ታሪክ ሦስት ነገሮችን ልንይዝ እንችላለን።

አንደኛ፣ ሁሉም የተጠቀሙት በእጃቸው በነበረው ነገር ነው። ሄንሪየት በቃል የሚተላለፍ ትምህርት፣ ማርጋሬት ወተትና ዳቦ፣ ፕለሲ አንዲት የባቡር ትኬት፣ አርምስትሮንግ ጥሩምባው፣ ሩቢ ጸሎትዋ ነበራቸው። ከመካከላቸው በከፍተኛ ሥልጣን ላይ የነበረ የለም።

ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ የድካማቸውን ፍጻሜ አላዩም። ሄንሪየት ደቀ መዛሙርትዋን የደናግል ልብስ ለብሰው ሳታይ ሞተች፤ ፕለሲ ተሸንፎ ሞተ። የአንድ ትውልድ ሽንፈት ለሚቀጥለው ትውልድ ዘር ሆነ።

ሦስተኛ፣ ኃጢአት ከውጭ ብቻ አልነበረም። ወንበሩን የነፈጉት ብዙዎቹ በየእሑዱ የሚያስቀድሱ፣ ልጆቻቸውን የሚያስጠምቁ ሰዎች ነበሩ። ልማድ እምነትን ሲውጠው የሚሆነው ይህ ነው።

በመጨረሻ አንድ የሚያስደስት ነገር እንጨምር። ግንቦት 8 ቀን 2025 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 14ኛ በተመረጡ ጊዜ፣ የቤተሰብ ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች የእናታቸው ወላጆች ጆሴፍ ማርቲኔዝና ሉዊዝ ባኪየ በኒው ኦርሊንስ ሰባተኛ ቀበሌ ከሚኖሩት ክልሶች መካከል እንደ ነበሩ ከመዝገብ አገኙ። በ1900 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ቤተሰቡ ጥቁር ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ኋላም ወደ ቺካጎ ተሰደው፣ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እናት በዚያ ተወለዱ። የሉዊዚያና ሕግ በባቡር ከነጮች ጋር እንዳይቀመጡ የከለከላቸው ሰዎች የልጅ ልጅ ዛሬ በቅዱስ ጴጥሮስ መንበር ተቀምጠዋል።

8. ለቡድን ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ) የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 2 ከቍጥር 1 እስከ 9 በጋራ አንብቡ። ከአምስቱ ሰዎች ታሪክ ከዚህ ንባብ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው የትኛው ነው? ስለ ምን?

ለ) የ1895ቱ የተለየ ቁምስና በበጎ ሐሳብ ተጀምሮ ሳለ ጕዳት ያመጣው ለምንድን ነው? በጎ ሐሳብ ብቻውን የማይበቃበትን ሌላ ምሳሌ ከኑሮአችሁ ፈልጉ።

ሐ) በአገራችን ሸክላ ሠሪውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ብረት ቀጥቃጩን በገበታ፣ በጋብቻና በመቃብር ስፍራ ሳይቀር ማግለል በየቦታው የታወቀ ልማድ ነው። በቁምስናችሁ በዚህ ምክንያት ከኋላ የሚቀመጥ ወይም ከደጅ የሚቀር ሰው አለን? እርሱን ወደ ፊት ለመጥራት የመጀመሪያውን እርምጃ ማን ይውሰድ?

መ) ልጆቻችን ለሚሰድቡአቸው ሰዎች ይጸልዩ ዘንድ እንዴት እናስተምራቸው? ይህን ጸሎት ከኛ ከወላጆቻቸውና ከመምህራኖቻቸው ሰምተው ያውቃሉን?

በሚቀጥለው እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ፣ ከመቀመጣችን በፊት አጠገባችን ማን እንዳለና ማን እንደ ሌለ እንመልከት።